ሦስተኛው እማኝ

ያለፈውን ክረምት ኤልዳና ቅዳሜ ቅዳሜ የማታውቃቸው ሰዎች ለቅሶ ቤት ስትሄድ ከረመች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትገባለች፤ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፤ ምግብ ሲቀርብ ብቻዋን እንዳትበላ ወደ ሰው ጠጋ ትላለች። ከጎኗ የሚቀመጡትም አብዛኞቹ ሟቹን አያውቁትም። ሳህኑ ከተነሳ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስም ይለዋወጣሉ።

«ኤልዳና እባላለሁ። ቤት ልገዛ ነው።»

«እኔም። ማክዳ።»

ከዚያ ቤተሰቡን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ይወጣሉ። ቤተሰቡ አይቆጣም። እነሱም እንዲሁ ሄደው ያውቃሉ።

ምክንያቱ የውል ሕጉ ነው። ፊትን፣ ድምፅንና የጣት አሻራን ማንም እቤቱ ተቀምጦ አስመስሎ መሥራት ከቻለ ወዲህ ፊርማም ምስልም የሰውን ማንነት ማስረዳት አቁመው ነበር። ሰዎች ጠዋት ተነስተው ያልሸጡት ቤታቸው በሌለ ሰው ስም ተገዝቶ ያገኙት ነበር። ስለዚህ ሕጉ ወደ ሰው ተመለሰ። የቤት ሽያጭ ውል ቢጻፍ፣ ቢፈረም፣ ቀብድ ቢከፈልበት እንኳ ረቂቅ ነው። የሚጸናው ገዢውን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች በአካል ቀርበው ሲመሰክሩ ነው። ማወቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነም ተደንግጓል፦ ረቂቁ ከመጻፉ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ ከገዢው ጋር በአንድ ገበታ መብላት። ሦስተኛው እማኝ ተናግሮ እስኪጨርስ ድረስ ሻጩም ገዢውም ምክንያት ሳይሰጡ ብድግ ብለው መሄድ ይችላሉ።

ሕጉ ሲወጣ ብዙ ሰው ደስ ብሎት ነበር። ሦስት ሰው የሚያጣ ማን አለ ተብሎ።

ኤልዳና አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ሥራዋ አሳንሰር ውስጥ ተዘግተው የቀሩ ሰዎችን ጥገና እስኪደርስላቸው በድምፅ ማረጋጋት ነው፤ የምትሠራውም ከመኝታ ቤቷ ነው። በከተማው ድምፅዋን የሚያውቅ ሰው በሺህ ይቆጠራል። ጨለማው ውስጥ አልቅሰውላታል፣ ለሚስቶቻቸው ያልነገሩትን ነግረዋታል፣ በሩ ሲከፈት ደግሞ «ቻው» ሳይሉ ወጥተዋል። ድምፅ ግን አይቆጠርም። ምግቧ እንደ ማንኛውም ሰው በመስኮት በኩል በሳጥን ይመጣላታል። ሳጥኑ የተለካው ለአንድ ሰው ነው።

ልትገዛ ያሰበችው አያት አካባቢ ባለ አንድ ሕንጻ ላይ የሚገኝ፣ እሷው ራሷ ለአሥራ አራት ዓመት የተከራየችው ቤት ነው። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ኖላዊት ናቸው። ረቂቁን የፈረሙ ዕለት ሁለት እጇን ይዘው ነገሩን ግልጽ አድርገውላት ነበር።

«ልጄ፣ ላንቺ ብሰጥ ደስታዬ ነው። ግን የወንድሜ ልጅ ድርጅት አምጥቶብኛል፤ ወለሉን በሙሉ ሊጠቀልሉት ነው። ያንቺ ከጸና ይጽና። ካልጸና ሁለተኛ አልጠብቅም። አርባ ምንጭ ልጄ ጋ መግባት አለብኝ፣ ጉልበቴ ይሄን ከተማ አልቻለውም።»

«እማኞቹን አመጣለሁ፣ እትዬ ኖላዊት።»

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

«እንግዲህ ወግ ነው፤ እኔ ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

ሁለቱ ነበሯት። አንዷ የለቅሶ ቤቷ ማክዳ ናት። ሌላው ሄመን ነው፤ እሱም እንደ እሷ ከቤቱ ሆኖ አሳንሰር ውስጥ የተዘጉትን የሚያረጋጋ፣ በዓመት አንድ ጊዜ በሠራተኞች ግብዣ ላይ የምታገኘው ባልደረባዋ። ሦስተኛውን ስም ስትጠየቅ «ባሮክ» አለች። «ጎረቤቴ።»

አቶ ባሮክ ከበሯ ትይዩ ይኖራሉ። አውቶቡሶች በራሳቸው መሄድ እስኪጀምሩ ድረስ ሹፌር ነበሩ። ወለሉ ላይ ስምንት በሮች አሉ፤ ስድስቱን ድርጅቱ ገዝቶ ዘግቷቸዋል። መብራት የሚበራባቸው የሁለቱ ብቻ ናቸው። ኤልዳና የሳቸውን ሳል ታውቃለች፤ ወንበራቸው ሲጎተት ትሰማለች። ጠዋት ሳሉ ከዘገየባት ሥራዋን አቁማ ታዳምጣለች።

በዳግማ ትንሣኤ ሰሞን አንድ ቀን በሯን አንኳኩ። የምሳ ሳጥናቸው በስህተት በሷ መስኮት ገብቶ ነበር። ኤልዳና ያን ዕለት፣ በዓል ነው ብላ፣ ራሷ አልጫ ሠርታ ገበታውን አቅርባ ልትቀመጥ ስትል ነው የደረሱት። ሳጥኑን ሰጠቻቸው፤ ከዚያ አፏ ራሱ ተናገረ።

«እንብላ፣ ጋሽ ባሮክ።»

«ኧረ እኔ በልቻለሁ! ብዪ፣ አንቺ ብዪ።»

ያልተከፈተው ምሳቸው እጃቸው ላይ ነበር። ሁለቱም አዩት። ሁለቱም ያላየ ሰው መሰሉ።

ሰው ገበታ ላይ ጥሎ መሄድ ነውር ነውና ተቀመጡ። እሷ እየበላች፣ እሳቸው ሳጥናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ስለ ድሮው የአውቶቡስ መስመር ሲያወሯት ቆዩ። ደጋግማ መጠየቅ እንዳለባት ልቧ ያውቅ ነበር። በእናቷ ጊዜ እምቢታ የግብዣው መጀመሪያ ነበር፤ እንግዳው በልቻለሁ ይላል፣ ጋባዧ በሞቴ ትላለች፣ አፈር ስሆን ትላለች፣ ክንዱን ትይዛለች፣ በስተመጨረሻ ይቀርባል። የሷ ትውልድ እምቢታውን ተቀብሏል፤ ልመናው ግን መንገድ ላይ ጠፍቷል። «በልቻለሁ» ያለን ሰው አምኖ መተው ጨዋነት ሆኗል። ኤልዳና እንዳታስቸግራቸው ፈራች። ጨርሳ እጇን ስትታጠብ ተነስተው ሳጥናቸውን ይዘው ሄዱ።

ገበታው ቀርቦ ነበር፤ እሳቸውም ተቀምጠው ነበር። ስማቸውን የሰጠች ዕለት ለራሷ የነገረችው ይሄንን ነው። ሕጉ ግን ስለ መቀመጥ አያወራም። ሐሰተኛ እማኝ ደግሞ ቅጣቱ የታወቀ ነው፤ የራሱ የቤት ውል ይፈርሳል።

የምስክርነቱ ቀን ሲቃረብ የአቶ ባሮክን በር አንኳኳች። ግማሹን ከፈቱት።

«ኤልዳና! ደህና ነሽ? ሳጥን ጠፋብሽ እንዴ?»

«አይ... ማስቸገሬ ነው፣ ጋሽ ባሮክ።»

«ምን ችግር አለው።»

«ለቤቱ ውል እማኝ ያስፈልገኛል። ስምዎን ሰጥቼ ነበር።»

«የኔን?»

«የርስዎን። ያኔ፣ ለዳግማ ትንሣኤ... የተቀመጡ ጊዜ።»

አቶ ባሮክ ቀና ብለው የመተላለፊያውን ጣሪያ አዩ። የሕንጻው ጆሮ እዚያ ላይ አረንጓዴ ያበራል፤ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፤ የሰማውንም ለሚጠይቀው ባለሥልጣን ያሰማል።

«አልጫ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«መቼ ነው?»

«ሐሙስ። ግን የሚያስቸግርዎ ከሆነ፣ እኔ...»

«ሐሙስ ምን ሥራ አለኝ? ከመሪ ከወረድኩ ስንት ዘመኔ!» ሊስቁ ሞከሩ። «እመጣለሁ።»

በሩ ተዘጋ። ኤልዳና እውነቱን ቢናገሩ እንደማትቀየማቸው ልትነግራቸው ፈልጋ ነበር። ጣሪያው ሥር ሆና ልትለው አልቻለችም።

ሐሙስ ዕለት የውል ማረጋገጫው አዳራሽ ሞልቶ ነበር። የድርጅቱ ወኪል፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት፣ ከሦስት እማኞቹ ጋር በሩ አጠገብ ወንበር ይዟል። ድርጅቱ ሠራተኞቹን በአንድ አዳራሽ ምሳ ስለሚያበላ እማኝ አያልቅበትም። ሦስቱ እየተጎሻሸሙ ይሳሳቃሉ።

«እህቴ፣ አትጨናነቂ» አላት ወኪሉ በትሕትና። «ካልሆነ እኛ አለን። ኪራይሽም አይቀየርም፤ ሕንጻው እስኪፈርስ ድረስ።»

«የቅዳሜዋ ናት» አለ ከእማኞቹ አንዱ ለጓደኛው፣ እሷ እንድትሰማው አድርጎ። «አያቴ የሞተች ጊዜ ምስራችንን በልታ ሄዳለች።»

ማክዳ ዞር አለች። «እኔም በልቻለሁ። ጥሩ ምስር ነበር፤ ነፍስ ይማር።»

ሄመን ሳቀ። ኤልዳና አቀርቅራ ወደ ውስጥ ገባች።

መጀመሪያ ብቻዋን ተጠየቀች። አረጋጋጭዋ ፊቷ ላይ ምንም የማይነበብባት ወጣት ሴት ናት። ስለ ሦስቱም ገበታዎች፣ አብሮ የበላ ሰው ብቻ የሚያውቀውን አንድ አንድ ነገር እንድትናገር አዘዘቻት። ስለ ዳግማ ትንሣኤው ምግብ «ጉድለት ነበረው?» ብላ ስትጠይቃት ኤልዳና እውነቱን ተናገረች። «ጨው በዝቶበት ነበር።» የተናገረችው በአረጋጋጭዋ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ታሸገ። ከዚያ ሁሉም ገብተው በክቡ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ወይዘሮ ኖላዊት ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሁለቱንም ማንጠልጠያ ይዘዋል።

ማክዳ ፈጠን ብላ መሰከረች። «ምስር ነው የበላነው። ቃሪያውን ለኔ ትታልኛለች።» አረጋጋጭዋ ፊቷ ያለውን ሰሌዳ አይታ ራሷን ነቀነቀች።

ሄመን ተከተለ። «ኬክ ተካፍለን በላን። ክሬሙን በማንኪያ ጠርጋ ዳር ላይ ከመረችው። እኔ ነኝ የጨረስኩላት፤ ይቅርታ፣ ይሄ ከተጻፈ ሚስቴ እንዳታየው።» ማንም አልሳቀም። አረጋጋጭዋ ራሷን ነቀነቀች።

አቶ ባሮክ የድሮ የሹፌር ኮታቸውን ለብሰው ነበር የመጡት። አንገቱ ላይ የነበረው ምልክት ተነቅሎ ክሩ ቀርቷል።

«አቶ ባሮክ፣ የሚሰጡት ቃል ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የራስዎ ቤት ውል እንደሚፈርስ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ከገዢዋ ጋር በአንድ ገበታ በልተዋል?»

ኤልዳና ያኔ መነሳት ትችል ነበር። ሕጉ ይፈቅድላታል። ብድግ ብላ ብትወጣ እሳቸው የሚመልሱት ጥያቄ አይኖርም፤ ቤታቸው ይተርፋል፤ የሷ ደግሞ በር ላይ ለሚጠብቀው ወጣት ይሄዳል። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈች። ክብደቷን እጆቿ ላይ ጣለች። ወይዘሮ ኖላዊት አይተዋት የቦርሳቸውን ማንጠልጠያ ጠበቅ አደረጉ። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ሌላ ሕንጻ፣ ሌላ መስኮት፣ ሳሉን የማታውቀው ጎረቤት። ወይም ጎረቤት የሌለበት ወለል።

አልተነሳችም።

«በልቻለሁ» አሉ አቶ ባሮክ፤ ያን ቀን ሳጥኑን ይዘው ባሉበት ድምፅ።

«ምግቡ ላይ የሚያስታውሱት ጉድለት ነበር?»

ኤልዳና ዓይኗን ጨፈነች። አልቀመሱትም፤ ሊያውቁት አይችሉም።

«የሰው ቤት ምግብ ጉድለት አለው ማለት ይከብዳል» አሉ።

«ግዴታዎ ነው።»

«እንግዲያው... ጨው። ትንሽ ጨው በዝቶበት ነበር።» ቀና ብለው ኤልዳናን አዩ። «ትንሽ ነው እንጂ ብዙም አይደለም።»

አረጋጋጭዋ ሰሌዳዋን አየች። እንደ ሌሎቹ ሁሉ ራሷን ነቀነቀች።

«ሦስተኛው እማኝ ተናግሮ ጨርሷል። ውሉ ጸንቷል። ከዚህ በኋላ ሻጭ ብትነሳም ገዢ ብትነሳም ለውጥ የለውም።»

ወይዘሮ ኖላዊት ቦርሳቸውን ለቀቁ። «እልል» አሉ በትንሹ፣ ለራሳቸው ያህል፣ ከዚያ አፍረው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ኤልዳናን ስመው «ይባረክልሽ» አሏት። አረጋጋጭዋ እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«አንድ የቀረ አለ። እማኝነት በውለታ እንዳይመለስ፣ ገዢዋና እማኞቿ ከዛሬ ጀምሮ ለአንድ ዓመት በአንድ ገበታ አይበሉም፤ አንዱ የአንዱን ቤት አይረግጥም፤ ምግብም መጠጥም አይሰጣጡም። ቢጣስ ምስክርነቱ እንደገና ይመረመራል።»

ማክዳ ትከሻዋን ሰበቀች። ሄመን ከዚያ በፊትም የኤልዳናን ቤት ረግጦ አያውቅም። አቶ ባሮክ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ፤ ከዚያ የኮታቸውን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ቆለፉ።

ማክዳና ሄመን ደጃፉ ላይ ተሰናብተው ሄዱ። ኤልዳናና አቶ ባሮክ አንድ ሕንጻ፣ አንድ መንገድ ነውና አብረው ወደ አውቶቡስ መቆሚያው ወረዱ። መንገዱ ጫጫታ ነበር። ጆሮ ያለውን ምሰሶ ካለፉ በኋላ ኤልዳና ጠየቀቻቸው።

«ጋሽ ባሮክ፣ ጨው መብዛቱን በምን አወቁ?»

«ውሃ ትጠጪ ነበር።» ፊት ለፊታቸውን እያዩ ነው የሚያወሩት። «መጀመሪያ ወሬዬ ሰልችቷት ነው ብዬ ነበር። ኋላ ሳየው ጆጉ አለቀ።»

ትንሽ እንደሄዱ፦

«ለምን አልበሉም?» አለች።

«ሁለተኛ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ነበራ!» ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው። «እርቦኝ ነበር እኮ።»

«እንዳላስቸግርዎ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። እኔም እንዳላስቸግርሽ ብዬ ነው።»

አውቶቡሱ መጣ። መሪ የነበረበት ቦታ አሁን መቀመጫ ነው፤ አቶ ባሮክ እዚያ ሄደው ተቀመጡ። ኤልዳና ከኋላ ሆና የተላጨ ማጅራታቸውን እያየች ሄደች። ቤቱ የሷ ነው። ይሄንን ለራሷ ደጋግማ ነገረችው። ደስ እንዲላት ጠበቀች።

በማግስቱ ለቁርሷ ሳጥን አላዘዘችም። ሽንኩርት ከተፈች፤ አልጫውን ሠራች፤ ጨዉን በጣቷ እየቆነጠረች፣ እየቀመሰች ጨመረች። ድስቱ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሆኖ ወጣ። በሕጉ መሠረት ግማሹ የሚሄድበት ቦታ የለም። ሳህኗን ይዛ ከገበታው ተነሳች፤ ወንበሯን ወደ በሩ ጎትታ፣ ደፍ ሳትነካ፣ ፊቷን ወደ መተላለፊያው አዙራ ተቀመጠችና በሩን «ተከፈት» አለችው።

ተከፈተ። የአቶ ባሮክ በር ዝግ ነበር።

«እንግዳ እየጠበቁ ነው?» አላት በሩ፤ ባለቤት ከሆነች ወዲህ ድምፁ ለስልሷል።

ኤልዳና ጣሪያው ላይ ያለውን አረንጓዴ አየች።

«አይደለም» አለች።

«እንግዳ ከሌለ በሩ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ክፍት አይቆይም።» ተዘጋ።

ሁለተኛ በቃል አልታዘዝ አላት፤ ተነስታ በእጇ ከፈተችው። ተቀምጣ አንድ ጉርሻ እንደጎረሰች ተዘጋ። እንደገና ከፈተችው። ምግቡ ቀዘቀዘ። ስንት ጊዜ እንደተነሳች አልቆጠረችም፤ በአንዱ ግን ስትከፍት የማዶው በር አብሮ ተከፈተ። አቶ ባሮክ ከደፋቸው ወዲያ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ የቁርስ ሳጥናቸው ጭናቸው ላይ ተከፍቷል። በመሃላቸው የማንም ያልሆነ መተላለፊያ አለ። እሳቸው ጎረሱ፤ እሷም ጎረሰች። ሽታው ደርሷቸው እንደሆነ ልትጠይቃቸው ፈለገች፤ ፊታቸው ግን ደርሷቸዋል ይላል።

ሁለቱም በሮች ተዘጉ።

ኤልዳና ሳህኗን መሬት ላይ አስቀምጣ ተነሳች፤ ከፈተች። የማዶው ዝግ ነበር። ቆማ ጠበቀች። ከአቶ ባሮክ ቤት ውስጥ ወንበር ወደ በሩ ሲጎተት ተሰማ።